ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ሰው

አባቴን የማይባቸው ሁለት ፎቶዎች አሉ። ሁለቱም ከአንድ ነጌቲቭ የወጡ ናቸው፤ ግን አይመሳሰሉም። አንደኛው በወርቃማ ፍሬም ተደርጎ ደሴ ታላቅ እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ሌላው እኔ ጋ ነው፤ በፖስታ ተደርጎ መሳቢያ ውስጥ።

ያነሣሁት ነሐሴ 1993 ዓ.ም. ደሴ መናኸሪያ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነበር። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አላባራም፤ የአውቶቡሱ መስታወት ከውጭ በጠብታ፣ ከውስጥ በተሳፋሪው ትንፋሽ ተሸፍኗል። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል።

"አባባ፣ ይበርድዎታል፣ ይግቡ በቃ" አልኩት።

"ዝም በል፣ ሲነሣ እሄዳለሁ" አለኝ።

ከጓደኛዬ የተዋስኩት ዜኒት ካሜራ አንገቴ ላይ ነበር። መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግ አደረግኩ፤ ወዲያው መልሶ ላበ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አዙሬ አንዴ ተጫንኩት። አባቴን በሕይወት ያየሁበት የመጨረሻው ቀን እንደሚሆን አላወቅኩም።

ፊልሙን ያጠበው ልጅ ሠላሳ ስድስቱን ፎቶ ሲያስረክበኝ ይሄኛውን ለይቶ ከላይ አስቀመጠው። "ወንድሜ፣ ይሄ ብዥ ብሏል፤ ብታስቀረው ይሻልሃል" አለኝ። እውነቱን ነበር። የተሳለው መስታወቱ ላይ ያለው ጠብታ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጠብታው ኋላ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል። ሰው መሆኑን ካላወቁ የተሰጣ ልብስ ይመስላል። ከነጩ ነገር በላይ፣ በስተቀኝ፣ ሌላ ትንሽ ነጭ ብልጭታ አለ፤ ዝናብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አባቴ በዚያው ዓመት አረፈ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ትልቅ ፎቶ ያስፈልገናል ተባለ፤ ከመታወቂያ ፎቶው ሌላ ያለው የኔው ብቻ ነበር። ታላቅ እህቴ አይታው ተቆጣች። "የአባባን ፊት እያየን እናልቅስ እንጂ ጉም እያየን?" አለች። አንድ ፎቶ ቤት ወሰድነውና በኮምፒውተር አስተካከሉልን። ጠብታውን ጠረጉት፤ መናኸሪያውን አጥፍተው ሰማያዊ ሰማይ አደረጉለት፤ ከመታወቂያው ላይ ፊቱን ቆርጠው ከጋቢው በላይ ተከሉት። እህቴ አቅፋው አለቀሰች፣ ዘመድ ሁሉ እሱኑ መሰለ አለ። እኔ ምንም አላልኩም። አንድ ነገር ጎድሎበታል እያልኩ ግን ዓመታት አሳለፍኩ፤ ምን እንደጎደለ ያወቅኩት ሌላ ፎቶ ፍለጋ ውስጥ ገብቼ ነው።

ያ ፎቶ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል በገዛሁት የፎቶግራፍ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ነበር። በካሜራ ተነሥተው ለዘመናችን ከደረሱት ሁሉ ቀዳሚው ይላል፤ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 በቤቱ መስኮት ያነሣው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምስሉ በጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ የጤፍ ፍሬ ተበትኖ የተሳለ ይመስላል። በስተግራ ግንብ፣ መካከል ላይ ተዳፋት ጣሪያ፣ በስተቀኝ ሌላ ግድግዳ። ጠርዙ ሁሉ ይለያል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አየሁት፤ ማለቴ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ነገር አየሁ። በወርቅ ቅብ ፍሬም ውስጥ የተቀመጠ ግራጫ ብረት ነው። ነጠብጣብ የለውም፤ ጠርዝም የለውም። ንጋት ላይ ከላበ መስታወት ኋላ ያለ ሠፈር ይመስላል። ዐይኔን አጥብቤ ስፈልግ አንድ ተዳፋት ነገር መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አንዱ ፎቶ ሁለት መልክ ሊኖረው አይችልም። ሳሎን ያለው የአባቴ ፎቶና መሳቢያ ውስጥ ያለው ትዝ አሉኝ፤ ነገሩን ሳላጣራ መተው አልቻልኩም።

ፍለጋው መጀመሪያ ያደረሰኝ ኒየፕስ ጋ ሳይሆን ሄልሙት ጌርንስሃይም የሚባል ሰው ጋ ነው። ጌርንስሃይም በ1913 ሙኒክ ተወለደ። ፎቶ አንሺነት ተምሮ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ገባ። ጦርነቱ ሲፋፋም እንግሊዞች የጠላት አገር ሰው ነህ ብለው በ1940 ዱኔራ በተባለችው መርከብ ከብዙ ስደተኞች ጋር አውስትራሊያ ወስደው አሰሩት። በ1942 ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1945 ከሚስቱ ከአሊሰን ጋር አሮጌ ፎቶዎችን መሰብሰብ ጀመረ። ያኔ የድሮ ፎቶ ዋጋ የለውም፤ ሰው ከአያቱ ዕቃ ጋር አብሮ የሚጥለው ነገር ነው። ባልና ሚስቱ ግን የሚጣለውን እየለቀሙ ቤታቸውን ሞሉት። ከሁሉ በላይ የፈለጉት የመጀመሪያውን ነበር።

የኒየፕስ ሥራ ለንደን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1898 ክሪስታል ፓላስ በተደረገ ዐውደ ርእይ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አልነበረም፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ድምፁ ጠፋ። ጌርንስሃይም ሥራውን በእጃቸው ይዘውት የነበሩ ሰዎችን ስም ተከትሎ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከአድራሻ ወደ አድራሻ ዓመታት ተንከራተተ። ተስፋ ወደ መቁረጡ ሲደርስ በ1952 ደብዳቤ መጣለት። በመጨረሻ በእጁ ከነበረው ሰው ቤተሰብ ነው የተጻፈው፤ ለረጅም ዘመን ተከማችቶ የቆየ አንድ ሣጥን ተከፍቶ ዕቃው ተገኝቷል ይላል። ግን አይድከሙ፣ ምስሉ ሙሉ በሙሉ ደብዝዟል፤ ምንም የሚታይበት ነገር የለም ይላል ደብዳቤው።

ጌርንስሃይም ይህን ማመን አልፈለገም፤ ምክንያትም ነበረው። የሚደበዝዘው በብር ጨው የተነሣ የወረቀት ፎቶ ነው። ኒየፕስ የተጠቀመበት ሬንጅ ነው፤ ሬንጅ ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም። ሄደ።

የሰጡት ዕቃ የተማሪ ደብተር የሚያክል፣ 16 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፍሬም ያለው ብረት ነበር። ሲያየው የራሱን ፊት አየ፤ መስታወት ነው የሚመስለው። ወደ መስኮት ይዞት ሄደ፤ ለብርሃኑ ጠመም አድርጎ ያዘው። ምንም የለም። ትንሽ ጨምሮ አዘነበለው። ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ብቅ አለ፤ ግንቡም፣ ጣሪያውም፣ ዛፉም። 

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የምስሉ አሠራር ያለው በዚያች ማዘንበል ውስጥ ነው። ብረቱ ፒውተር የሚባል ነው፤ አብዛኛው ቆርቆሮ የሆነ ቅይጥ፣ ፈረንጅ ድሮ ሳህንና ኩባያ የሚሠራበት። ኒየፕስ ላዩን ወልውሎ በቀጭን ሬንጅ ቀባው። የሬንጁ ስም የይሁዳ ሬንጅ ይባላል፤ ጥንት ከሙት ባሕር አካባቢ ይመጣ ስለነበር ነው፤ ኖኅ መርከቡን ለቀለቀበት ከሚባለው ቅጥራን ወገን። የዘመኑ ቀራጮች ብረት ላይ ሥዕል ሲሠሩ ይጠቀሙበት ስለነበር እንግዳ ነገር አልነበረም። ኒየፕስ ሬንጁን በላቬንደር ዘይት አሟሟው፤ ብረቱን ቀባ፤ አደረቀና ካሜራ ውስጥ አስገባው። ፀሐይ የነካው ሬንጅ ጠነከረ፤ ጥላ ያረፈበት ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። ኋላ በላቬንደር ዘይትና በነጭ ጋዝ ቅልቅል ሲያጥበው ለስላሳው ታጥቦ ሄደ፤ ጠንካራው ተጣብቆ ቀረ። እንግዲህ በምስሉ ላይ ብሩህ ሆኖ የሚታየው ሬንጁ ነው፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ደግሞ እርቃኑን የቀረው ብረት። ብረቱ እንደ መስታወት ስለሚያብለጨልጭ ጥቁር የሚሆነው ጨለማ ነገር ሲያንጸባርቅ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ካዩት የሚያዩት ራስዎን ነው። ግቢው የሚታየው ጎንበስ፣ ዘንበል ብሎ፣ ራሱን ከብረቱ ላይ ላራቀ ሰው ነው።

ጌርንስሃይም ያየውን ለሰው ማሳየት ፈለገ፤ ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ብረቱን ማን በፎቶ ያንሣው? የተሞከረው ሁሉ ባዶ ብረት ሆኖ ወጣ። በመጨረሻ የኮዳክ ኩባንያ የምርምር ላቦራቶሪ ሳምንታት ፈጅቶ፣ መብራቱን ከጎን እያመጣ አንድ ቅጂ አወጣ። ቅጂው ላይ የብረቱ ጉድጓድና ጭረት ከምስሉ በልጦ ይታያል። ጌርንስሃይም ተናደደ፤ እኔ ያየሁት ይህን አይደለም አለ። ብሩሽና የውሃ ቀለም አነሣና ቅጂውን ነጠብጣብ በነጠብጣብ እየነካካ በራሱ እጅ አስተካከለው። ለዓለም የተበተነው ያ ነው። የኮዳኩ ያልተነካ ቅጂ እንዳይታተም 25 ዓመት ያህል ከለከለ።

የጤፍ ፍሬ ተበትኖ የተሳለ የመሰለኝ ለካ ሥዕል ነው! ያን መጽሐፍ መልሼ ስገልጥ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም ማለት እችላለሁ። ደግሞ ጌርንስሃይምን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልቻልኩም። ሰውየው ፍለጋው ዓመታት ፈጅቶበታል፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ለአፍታ ያየውን ነገር ለሌላው ለማካፈል ጓጓ። እህቴም እኮ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ፎቶ ቤቱም ገንዘቡን ተቀብሎ የተጠየቀውን ነው የሠራው።

ግን ሲያስተካክል ያጠፋው ነገር አለ። እሱን ለማወቅ ወደ መስኮቱ መመለስ አለብን።

ኒየፕስ በ1765 ሻሎን በምትባል ከተማ፣ ሶን በተባለው ወንዝ ዳር ተወለደ። ባለጸጋ ቤተሰብ ነበሩ። ከታላቅ ወንድሙ ከክሎድ ጋር ሆኖ በውስጡ ነዳጅ እያቀጣጠለ የሚሠራ ሞተር ፈጥረዋል፤ ጀልባ ላይ ገጥመው ወንዙን ሽቅብ ነድተውታል፤ በ1807 የፈጠራ መብት አግኝተውበታል። መኪና ከመምጣቱ ስንት ዘመን በፊት! ክሎድ ሞተሩን ለመሸጥ ወደ ፓሪስ፣ ኋላም ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ኒሴፎር ከከተማው ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው በሴን-ሉ-ደ-ቫሬን መንደር፣ ለ ግራ በሚባለው የገጠር ቤታቸው ቀረ። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ግቢው ይታያል።

በ1816 ለወንድሙ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ካሜራውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ የእርግብ ቤቱን በወረቀት ላይ እንዲታይ ማድረጉን ይነግረዋል። ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ ተገልብጦ ወጥቷል፤ ያም ቢሆን ምስሉን ማቆየት አልቻለም፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከዚያች ደብዳቤ እስከ ሬንጁ ብረት ዐሥር ዓመት አለ። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የእርግብ ቤት። ጨው ሞከረ፤ ድንጋይ ሞከረ፤ መስታወት ሞከረ፤ መዳብ ሞከረ። እርግቦቹን ግን አንድ ቀን አልያዛቸውም፤ ይበራሉና።

ካሜራው ራሱ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጥንት ሙሉ ስሙ በላቲን ጨለማ ክፍል ማለት ነው፤ ጨለማ ክፍል ደግሞ እኛም አለን። ልጅ ሳለሁ ክረምት የምናሳልፈው ወረኢሉ አያቴ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ የእንጨት ነው፤ ሳንቃው ላይ ምስማር ወጥቶ የቀረ ቀዳዳ አለ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሲዘጋ በዚያች ቀዳዳ ብርሃን ይገባና ከማዶ ባለው ነጭ ልስን ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ታምሜ ተኝቼ ሳየው ብርሃኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሄደ። ተነሥቼ ቀረብኩ። መንገዱ ነው። እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ሰዎች ከገበያ ይመለሳሉ፤ አህያ ጭነቱን ወደ ታች አንጠልጥላ በሰማይ ላይ ትሄዳለች። ቀለሙ ሳይቀር አለ። ጠርዙ ግን የለም፤ ሁሉም በጢስ የተሠራ ይመስላል። አያቴን ጠራኋት። "እሜቴ፣ ግድግዳው ላይ ሰው አለ!" ስላት ትኩሳቱ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ኒየፕስ በዚያ ግድግዳ ላይ ሬንጅ የቀባ ሰው ነው ብዬ ብናገር ከእውነቱ ብዙ አልራቅኩም። ግድግዳው ላይ የሚያልፈውን መንገድ እንዲቀርለት ፈለገ።

እንዲቀርለት ግን ቀን ያስፈልገዋል። ጌርንስሃይም 8 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል ብሎ ገምቶ ነበር። በኋላ ግን ዣን-ሉዊ ማሪኜ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የኒየፕስን ማስታወሻ ተከትሎ፣ በዚያው ሬንጅና በዚያው ዘይት ሥራውን አንድ በአንድ ሲደግመው ብዙ ቀን የሚጠይቅ ሆኖ አገኘው። 8 ሰዓትም ይሁን ብዙ ቀን፣ ውጤቱ በብረቱ ላይ ይታያል። በስተግራ ያለውን ግንብ እዩት፤ ፀሐይ አርፎበታል። በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ ደግሞ እዩት፤ እሱም ላይ ፀሐይ አርፏል። ሁለቱ ግድግዳዎች ፊት ለፊት የተያዩ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ሊመታቸው አይችልም። አንዱ የጠዋት ነው፤ አንዱ የማታ። ካሜራው ተከፍቶ ሳለ ፀሐይ ግቢውን ተሻግሯል፤ ጥላዎቹ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞረዋል፤ እየዞሩም አንዱ ሌላውን ፍቆታል። ለዚህ ነው ጠርዝ የሌለው። ብዥታው ውስጥ ያለው አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ጌርንስሃይም በብሩሹ ጥላውን ለይቶ፣ ጠርዙን አጥርቶ ሲያበጀው ያስቀረው ግቢውን ነው። ቀኑ ግን ጠፋ።

ብረቱ እንዴት እንግሊዝ እንደገባ ማወቅ የፈለገ ሰው የወንድሙን የክሎድን መጨረሻ ማወቅ አለበት፤ አሳዛኝ ነው። ክሎድ ለንደን አጠገብ ኪው በሚባል ቦታ የቤተሰቡን ሀብት በማይሆን ሕልም ላይ እየበተነ አእምሮው ታወከ። ኒሴፎር በ1827 ሊጠይቀው ሲሄድ ሥራዎቹን ይዞ ሄደ። እዚያ ፍራንሲስ ባወር ከሚባል፣ አበባና ቅጠል በመሳል ከታወቀ ሰው ጋር ተዋወቀ። ባወር ነገሩ ገባው፤ ለታላቁ የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ እንዲያቀርበው ገፋፋው። ማኅበሩ አልተቀበለውም፤ ኒየፕስ የአሠራሩን ምስጢር ሙሉ በሙሉ አልገልጥም ስላለ። ወንድሙ ሊሞት ተቃርቧል፤ ገንዘብ የለም፤ ሥራው አልታወቀለትም። ብረቱን ለባወር ትቶለት ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1829 ዳጌር ከተባለ የፓሪስ ሰው ጋር ሽርክና ገባ፤ በ1833 ሞተ። በ1839 ዓለም ፎቶግራፍን ሲሰማ የሰማው በዳጌር ስም ነው። ባወር ግን ከብረቱ ጀርባ በገዛ እጁ የማን ሥራ እንደሆነ ጽፎ አኑሮ ነበር። ጌርንስሃይም ብረቱን ገልብጦ ሲያይ ያን ጽሑፍ አገኘ። ዛሬ ብረቱ ኦስቲን ከተማ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ራንሰም ሴንተር ውስጥ ነው፤ ኦክሲጅን በሌለበት ሣጥን ታሽጎ። በ2002 ሎስ አንጀለስ ወስደው ጌቲ የጥበቃ ተቋም ውስጥ ሲመረምሩት ፒውተርነቱም ሬንጅነቱም ተረጋግጧል።

ሁለቱን ፎቶዎች አስታርቄ እዚህ ማቆም እችል ነበር። ያላቆምኩት ጌርንስሃይም መርከብ ላይ በተጫነበት በዚያው በ1940 ሌላ ሰው ሌላ መስኮት ላይ መቀመጡን ስላወቅኩ ነው።

ዮሴፍ ሱዴክ የቼክ ሰው ነው። በ1896 ተወለደ፤ መጽሐፍ መጠረዝ ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ቀኝ እጁን አጣ። አንድ እጅ ያለው ሰው መጽሐፍ አይጠርዝም፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ከባድ የእንጨት ካሜራና ባለሦስት እግር መቆሚያ በአንድ እጁ ተሸክሞ ፕራግን ዞረ። ናዚዎች ከተማውን ሲይዙ ደጅ ወጥቶ ካሜራ መዘርጋት አስጊ ሆነ። ግቢ ውስጥ ያለች የእንጨት ስቱዲዮው ውስጥ ገባና በራሱ መስኮት ማንሣት ጀመረ። ከ1940 እስከ 1954 መስኮቱን አነሣ፤ ጦርነቱ አልቆም አላቆመም።

ከመስኮቱ ማዶ ያለው አንድ የተጠማዘዘ ዛፍ ነው። የሱዴክን ፎቶዎች ሳይ መጀመሪያ የገረመኝ ዛፉ በብዙዎቹ ላይ አለመታየቱ ነው፤ የሚታየው መስታወቱ ነው። አንዳንዴ ላቦት ነው፤ የውሃ ጅራት ከላይ እስከ ታች መንገድ ሠርቶ ወርዷል፤ በዚያ መንገድ ብቻ የቅርንጫፉ ቁራጭ ይታያል። አንዳንዴ በረዶ ነው፤ መስታወቱ ላይ ላባ ላባ ሆኖ በቅሏል። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ አበባ፣ አንዳንዴ ምንም። የውጭው ዓለም ቀለም ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ማታ ይሁን ዝናብ ይሁን ሐዘን ይሁን እንደ ተመልካቹ ነው። ሱዴክ መስታወቱን መጥረግ ይችል ነበር። አልጠረገውም። ኒየፕስ ብዥታን ከፀሐይ ተቀብሏል፤ ሱዴክ መርጦታል።

ከሱ በኋላ የኒው ዮርኩ ሶል ላይተር አለ፤ የረቢ ልጅ ነው፤ ሥዕል ፍለጋ በ1946 ከቤት ወጥቶ ካሜራ ይዞ ቀረ። ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ በላበ መስታወት መንገዱን በቀለም አነሣ፤ ቀይ ጃንጥላ፣ ቢጫ ታክሲ፣ ፊቱ የማይለይ ሰው። አብዛኛው ስላይድ ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ዓለም በደንብ ያወቀው መጽሐፉ በ2006 ሲታተም ነው፤ ያኔ ዕድሜው 82 ነበር። ሣጥን የሚባል ነገር እነዚህን ፎቶዎች ይወዳል መሰለኝ።

የራሴን መሳቢያ የከፈትኩት እነዚህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው። ክረምት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፤ መብራት ጠፍቷል። ፖስታውን ይዤ መስኮት ጋ ቆምኩ። ፎቶው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ስለታጠበ ፊት ለፊት ስይዘው ሰማዩን መልሶ ያንጸባርቅብኛል። ዘንበል አደረግኩት። መጀመሪያ ጠብታዎቹ መጡ። አንዱን ጠብታ ቀርቤ ሳየው በውስጡ መናኸሪያው በሙሉ አለ፤ ተገልብጦ፤ የአውቶቡስ ጣሪያ ወደ ታች፣ ጭቃው ወደ ላይ። የአያቴ ቤት ግድግዳ በምስማር ራስ መጠን። ፎቶ ቤቱ የጠረገው ይህን ነው።

ከዚያ ነጩን ነገር አየሁት፤ ጋቢው ነው። ከላዩ በስተቀኝ ያለውን ብልጭታ አየሁት። ሃያ ዓመት ዝናብ ነው ያልኩት ነው። ዝናብ ቢሆን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይሄ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግቷል፤ እንደ ማራገቢያ ታቹ ጠባብ፣ ላዩ ሰፊ። ጨለማ ስለነበረ ካሜራውን በሚችለው ዝግታ፣ በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ላይ አድርጌው ነበር። በዚያች ጊዜ ውስጥ የቆመ ነገር እንደቆመ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ይሰፋል። ወደ ብርሃኑ ይበልጥ አስጠጋሁት። ከብልጭታው ሥር ጋቢው ተገልጦ የክንድ ውፍረት ያለው ጠይም መስመር ይወጣል።

ስልኬን አንሥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

"አባባ እጁን እያወዛወዘልኝ ነበር" አልኳት።

"የት?" አለችኝ።

"ፎቶው ላይ።"

ሳሎን ወዳለው ፎቶ ስትሄድ የእግሯ ኮቴ ተሰማኝ። ብዙ ቆየች። "እዚህ የለም" አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያንተኛውን ይዘህልኝ ና" አለችኝ።